ፕሮግራማችሁ ያለበትን ቦታ ማንን ይጠይቅ? መንገዶቹ ሲነጻጸሩ

ፕሮግራሙ እናንተ ኮምፒውተር ላይ ያለችግር ይሠራል። ከጎኑ የኮንፊግ ፋይል፣ ጥቂት ምስሎችና የትርጉም ፋይሎች አሉ። ሌላ ሰው ሌላ ፎልደር ውስጥ ሆኖ ሲያስነሳው ግን «ፋይሉ አልተገኘም» ብሎ ይወድቃል። ፋይሉ እዚያው አለ። ፕሮግራሙ ነው ራሱ ዲስኩ ላይ የት እንደተቀመጠ ያላወቀው።

ይህ የገጠመው ሰው መልስ ሲፈልግ ይብስ ግራ ይጋባል። አንዱ «አርግቪ ዜሮን (ለፕሮግራሙ ከሚሰጡት አርግዩመንቶች የመጀመሪያውን) ተጠቀም» ይለዋል። ሌላው «ፕሮክን (የሊኑክስ ከርነል ስለሚሠሩ ፕሮሰሶች መረጃ የሚያሳይበትን ፎልደር) አንብብ» ይለዋል። ሦስተኛው ለዊንዶውስ ብቻ የሚሆን ኮድ ይሰጠዋል። የሲ ስታንዳርድ ላይብረሪ ለዚህ የሚሆን ፈንክሽን የለውም። የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች የጋራ ስታንዳርድ የሆነው ፖዚክስም የለውም። በሲ ፕላስ ፕላስ 17 የመጣው የፋይልሲስተም ላይብረሪ እንኳ የሥራ ፎልደሩን ይነግራችኋል እንጂ ፕሮግራሙ ራሱ ያለበትን አይነግራችሁም። ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው። ከመምረጥ በፊት ደግሞ በምን እንደምንመዝን እንስማማ።

## ቦታውን የፈለጋችሁት ለምንድን ነው?

አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ይህ ጥያቄ ስለሚዘለል ነው። «የት ነኝ?» በሚለው ውስጥ ቢያንስ አራት የተለያዩ ፍላጎቶች አሉ።

የመጀመሪያው ጎረቤት ፋይል ማንበብ ነው። ይህ በጣም የተለመደው ነው። ሁለተኛው ራስን እንደገና ማስነሳት ወይም የራስን ቅጂ እንደ ልጅ ፕሮሰስ መክፈት ነው።

ሦስተኛው በየትኛው ስም እንደተጠራ ማወቅ ነው። ቢዚቦክስን ውሰዱ። አንድ ፋይል ሆኖ ሳለ ብዙ ትዕዛዞችን ይሠራል። በ«ኤልኤስ» ስም ሲጠራ ፋይሎችን ይዘረዝራል፣ በ«ሲፒ» ስም ሲጠራ ይገለብጣል። ለዚህ ሥራ የፋይሉ አድራሻ አይረባውም። የሚፈልገው የተጠራበትን ስም ነው።

አራተኛው ከፕሮግራሙ ጎን ፋይል መጻፍ ነው። ይህን አሁኑኑ ልዝጋው፦ አታድርጉት። ዊንዶውስ ላይ የተጫኑ ፕሮግራሞች የሚቀመጡበት ፎልደር ያለ አስተዳዳሪ ፈቃድ አይጻፍበትም። ሊኑክስ ላይም ያ ፎልደር የሩት (የአስተዳዳሪው) ነው። የተጠቃሚ ዳታ የራሱ ቦታ አለው፦ ዊንዶውስ ላይ አፕዳታ፣ ማክ ላይ አፕሊኬሽን ሰፖርት፣ ሊኑክስ ላይ የኤክስዲጂ ደንብ ያስቀመጣቸው ፎልደሮች። ሎግም፣ ካሽም፣ የተጠቃሚ ምርጫም ወደዚያ ይሂዱ። ከፕሮግራሙ ጎን ያለው ለማንበብ ብቻ ነው።

## መስፈርቶቹ

ከሁሉ በላይ ክብደት የምሰጠው ለአንድ ጥያቄ ነው፦ መልሱን የሚሰጠው ማን ነው? ከርነሉ ከሆነ፣ ፕሮግራሙን ከዲስክ አንስቶ ሜሞሪ ላይ የጫነው ራሱ ነውና ያውቃል። ፕሮግራሙን የጠራው ሌላ ፕሮግራም ከሆነ ግን በእጃችሁ ያለው የእሱ ቃል ብቻ ነው። ያጣራው የለም።

ቀጥሎ፣ መልሱ ሥራ መሐል ላይ ይበላሻል ወይ? ፕሮግራም እየሠራ የሥራ ፎልደሩን ሊቀይር ይችላል። ያኔ «./ቆጣሪ» የሚል አንጻራዊ አድራሻ የያዘ ሰው እጁ ባዶ ይቀራል። በአፕዴት ጊዜም ፋይሉ ሊተካ ወይም ሊሰረዝ ይችላል።

ከዚያ የሲምሊንክ፣ ማለትም ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም ፋይል፣ ጉዳይ አለ። ሲምሊንኩን ተከትሎ ዋናው ፋይል ድረስ መሄድ አንዳንዴ የምትፈልጉት ነው፣ አንዳንዴ አይደለም። ቢያንስ የመረጣችሁት መንገድ የትኛውን እንደሚያደርግ እወቁ።

የቀሩት ከሰው ሰው ይለያያሉ። ስንት ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ ይሠራል? ለስክሪፕትና ለታሸገ ፕሮግራም ይሆናል? ስንት መስመር ኮድ ይፈጃል? ጊዜያችሁ አጭር ከሆነ ይህ የመጨረሻው ብዙ ነገር ይወስናል።

## አንድ ፕሮግራም፣ አራት መልስ

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ሊኑክስ ላይ «ቆጣሪ» የሚባል ፕሮግራም አለን እንበል። ፋይሉ ያለው እዚህ ነው፦

/ፕሮግራሞች/ቆጣሪ-2/ቆጣሪ

ተጠቃሚው ሙሉ አድራሻ እንዳይጽፍ ደግሞ /ትዕዛዞች/ቆጣሪ የሚል ሲምሊንክ ተሠርቶለታል። «ትዕዛዞች» ሼሉ ትዕዛዝ በሚፈልግበት የፓዝ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ተጠቃሚው አሁን ያለው /ሰነዶች ውስጥ ነው። «ቆጣሪ» ብሎ ይጽፍና ኢንተር ይጫናል። ፕሮግራሙ ውስጥ ሆነን ብንጠይቅ የምናገኘው ይህ ነው፦

- የሥራ ፎልደር፦ /ሰነዶች
- አርግቪ ዜሮ፦ ቆጣሪ
- ኤቲ ኤክሴክኤፍኤን፦ /ትዕዛዞች/ቆጣሪ
- /ፕሮክ/ሰልፍ/ኤክስኢ፦ /ፕሮግራሞች/ቆጣሪ-2/ቆጣሪ

አራቱም አልዋሹም። የመለሱት ግን የተለያየ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ተጠቃሚው የት ሆኖ እንደጠራን ነገረን። ሁለተኛው ምን ብሎ እንደጠራን። ሦስተኛው ሼሉ የፓዝን ዝርዝር አስሶ ለከርነሉ ያቀበለውን አድራሻ። ፋይሉ ያለበትን የነገረን አራተኛው ብቻ ነው። ኮንፊጉ ያለው ቆጣሪ-2 ውስጥ ከሆነ በቀጥታ የሚያደርሰን እሱ ነው። ሦስተኛውም ሲምሊንክ የሚፈታው ሪልፓዝ የተባለ ፈንክሽን ቢታከልበት ይደርሳል።

አሁን ተጠቃሚው ምንም ሳይነካ አፕዴት መጣ እንበል። አዲሱ ፋይል በአሮጌው ስም ላይ ተተካ፣ አሮጌው ፕሮሰስ ግን አሁንም እየሠራ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት መልሶች አልተለወጡም። የአራተኛው መጨረሻ ላይ ግን ክፍት ቦታና በቅንፍ «ተሰርዟል» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ቃል ተለጥፎበታል። ይህን አድራሻ እንዳለ ይዞ ፋይል ለመክፈት የሞከረ ፕሮግራም ይወድቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ባግ ይህ ነው። ሙከራ ላይ አይታይም፣ ሰርቨር ላይ አፕዴት በተደረገ ቀን ይፈነዳል።

## የሥራ ፎልደር

ለዚህ ሥራ አይሆንም። እንደሚሆን የሚመስለው ፕሮግራም ስንጽፍ ሁልጊዜ ከፕሮጀክቱ ፎልደር ስለምናስነሳ ነው። ክሮን ከሆም ፎልደር ያስነሳዋል። ሲስተምዲ የሲስተም ሰርቪሶችን ካልተነገረው በስተቀር ከሩት ፎልደር («/») ያስነሳል። የዊንዶውስ ሰርቪስ ሲስተም32 ውስጥ ይነሳል። ማክ ላይ ከፋይንደር የተከፈተ አፕ የሥራ ፎልደሩ «/» ነው። የሥራ ፎልደር የተጠቃሚው ነው። ተጠቃሚው በአንጻራዊ አድራሻ የሰጣችሁን ፋይል ለመክፈት ተጠቀሙበት፣ ለሌላ አይደለም።

## አርግቪ ዜሮ

ይህ ከሁሉም በላይ የተሰራጨው ምክር ነው። በጥርጣሬ ሊታይ የሚገባውም እሱ ነው።

አርግቪ ዜሮ የሚመጣው ፕሮግራሙን ከጠራው ወገን ነው። ዩኒክስ ላይ የኤክሴክ ቤተሰብ ፈንክሽኖች ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይቀበላሉ፦ የሚነሳውን ፋይል አድራሻና የአርግዩመንቶችን ዝርዝር። ሁለቱ እንዲመሳሰሉ የሚያስገድድ ነገር የለም። ልማድ ብቻ ነው። ሎጊን ሼል ሲነሳ አርግቪ ዜሮው «-ባሽ» ተብሎ በሰረዝ ይጀምራል። ያ ሰረዝ የፋይል ስም አካል አይደለም፣ ሼሉ ሎጊን ሼል መሆኑን የሚያውቅበት ምልክት ነው። ሰው የሚጠራበት ስም አድራሻው እንዳልሆነ ሁሉ ይህም አድራሻ አይደለም።

ያም ሆኖ ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። በ«/» ከጀመረ እንዳለ ይወስደዋል። ውስጡ «/» ካለ ከሥራ ፎልደሩ ጋር ያገናኘዋል። «/» የሌለው ስም ብቻ ከሆነ ፓዝን ራሱ አስሶ ይፈልገዋል። ይህ በአብዛኛው ይሠራል። ግን ማሰሱ የሚሠራው ጠሪው የተጠቀመበት ፓዝና ለፕሮግራሙ የደረሰው ፓዝ አንድ ከሆኑ ነው። የተለያዩ ከሆኑ ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላ ፕሮግራም ታገኛላችሁ። ያ ደግሞ ምንም ካለማግኘት የከፋ ነው፤ ስህተት አይጮህም፣ ዝም ብሎ የሌላ ቨርዥን ኮንፊግ ያነብባል።

ዝርዝሩ ጭራሽ ባዶ ሊሆንም ይችል ነበር። ኳሊስ የተባለው የደህንነት ኩባንያ በጥር ወር 2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይፋ ያደረገው፣ ትዕዛዝን በሌላ ተጠቃሚ ፈቃድ የሚያስነሳው የፒኬኤክሴክ ፕሮግራም የደህንነት ቀዳዳ፣ መለያው ሲቪኢ-2021-4034፣ የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው። ፒኬኤክሴክ ቢያንስ አንድ አርግዩመንት ይኖራል ብሎ አምኖ ነበር። አጥቂው ባዶ ዝርዝር ሲሰጠው ከዝርዝሩ አልፎ የኢንቫይሮመንት ቫሪያብሎችን ማንበብና መጻፍ ጀመረ፣ ተራ ተጠቃሚም ሩት መሆን ቻለ። ስህተቱ ፕሮግራሙ ውስጥ የቆየው ከ2009 ጀምሮ ነው። ከዚያ በኋላ የሊኑክስ ከርነል 5.18 ባዶ ዝርዝር ሲመጣ ራሱ አንድ ባዶ ጽሑፍ እንዲያስገባ ተደረገ። ስለዚህ ከፍ ያለ ፈቃድ ያለው ፕሮግራም የምትጽፉ ከሆነ አርግቪ ዜሮን ለስም እንጂ ለአድራሻ አትጠቀሙበት። ይህን አጥብቄ ነው የምለው።

አርግቪ ዜሮ ጥሩ የሚሆንባቸው ቦታዎች ግን አሉ። የቢዚቦክስ ዓይነት ሥራ አንዱ ነው። የእርዳታ ጽሑፍና የስህተት መልእክት ላይ የፕሮግራሙን ስም ለማሳየትም ትክክለኛው እሱ ነው፤ ተጠቃሚው የሚያውቀው ራሱ የጻፈውን ስም ነውና።

## ከርነሉን መጠየቅ

እኔ የማምንበት መንገድ ይህ ነው። ችግሩ በየሲስተሙ ስሙም ባህርይውም መለያየቱ ነው።

ሊኑክስ። /ፕሮክ/ሰልፍ/ኤክስኢን በሪድሊንክ ታነብባላችሁ። ሪድሊንክ የጽሑፉ መጨረሻ ላይ ዜሮ አይጨምርም፤ ራሳችሁ ካልጨመራችሁ ከአድራሻው በኋላ የተረፈ ቆሻሻ ታነብባላችሁ። የባፈሩን መጠን በፊደል ብዛት አትገምቱ። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። በተለመዱት የሊኑክስ ፋይልሲስተሞች የአንድ ፋይል ስም ጣሪያ 255 ባይት ነው፤ በእኛ ፊደል 85 ማለት ነው። የጠቅላላው አድራሻ የተለመደ ጣሪያ 4096 ባይት ነው። ፕሮክ ያልተገጠመበት ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ በክሩት (ፕሮግራሙን በአንድ ፎልደር ውስጥ በሚያጥር አሠራር) ወይም ተቆርጦ በተሠራ ጠባብ አካባቢ፣ ይህ መንገድ አይሠራም። ስለዚህ ሲወድቅ ምን እንደምታደርጉ አስቀድማችሁ ጻፉ።

ልብ ልትሉት የሚገባ ልዩነት አለ። ሊንኩን በሪድሊንክ *ማንበብ* እና ሊንኩን በቀጥታ *መክፈት* አንድ አይደሉም። ስታነብቡት የፋይሉን ስም ታገኛላችሁ። ስትከፍቱት ወይም ስታስነሱት ግን ከርነሉ በስም ሳይሆን ወደ ፋይሉ ራሱ ይወስዳችኋል፣ ፋይሉ ተሰርዞም ቢሆን። ይህ ለሁለተኛው ፍላጎት ወሳኝ ነው። አፕዴት አድርጎ ወደ *አዲሱ* ቨርዥን መሻገር የሚፈልግ ፕሮግራም አድራሻውን ገና ሲነሳ አንብቦ ይያዝ፣ በዚያ አድራሻም ይነሳ። *ያንኑ* ቨርዥን ልጅ አድርጎ መክፈት የሚፈልግ ደግሞ ሊንኩን ራሱን ያስነሳ። ክሮሚየም ሊኑክስ ላይ ይህን ሁለተኛውን ይጠቀማል። አሳሹ ክፍት እያለ ፋይሉ ቢተካም አሮጌው እናት ፕሮሰስ ከአዲስ ልጅ ጋር አይጋጭም።

ዊንዶውስ። ጌት ሞጁል ፋይል ኔም የሚባለውን ፈንክሽን በሞጁሉ ቦታ ባዶ ሰጥታችሁ ትጠራላችሁ። በ«ደብልዩ» የሚያልቀውን ተጠቀሙ፤ በ«ኤ» የሚያልቀውን ተዉት። የ«ኤ»ው አድራሻውን ወደ ሲስተሙ የቆየ ኮድ ገጽ ይቀይረዋል። ግዕዝ እዚያ ውስጥ ቦታ ስለሌለው የተጠቃሚው ስም በአማርኛ ከሆነ አድራሻው የጥያቄ ምልክት ተደርድሮበት ይመጣል። ሁለተኛው ጥንቃቄ የባፈር መጠን ነው። 260 የሚለው የድሮ ጣሪያ ዛሬ አስተማማኝ አይደለም። ረጃጅም አድራሻዎች እስከ 32,767 ፊደል ይደርሳሉ። ባፈሩ ሲጠብበው ፈንክሽኑ ቆርጦ የሰጠውን ይመልስላችኋል፤ የተመለሰው ርዝመት ከባፈሩ ጋር እኩል ከሆነ ባፈሩን አሳድጋችሁ ደግማችሁ ጥሩ። ሲምሊንክ ይፈታልኛል ብላችሁም አትተማመኑ። በጎ ጎኑ፣ ዊንዶውስ እየሠራ ያለን የኤክስኢ ፋይል ማጥፋት ስለማይፈቅድ «ተሰርዟል» የሚለው ጣጣ የለም። ስሙን መቀየር ግን ይፈቅዳል። ያኔ ፈንክሽኑ የሚመልሰው ሲነሳ የነበረውን አድራሻ ነው።

ማክ። ኤንኤስ ጌት ኤክስኪዩተብል ፓዝ ባፈር ሲጠብበው የሚፈለገውን መጠን ራሱ ይነግራችኋል፤ ይህ ጨዋነቱ ደስ ይለኛል። የሚመልሰው አድራሻ ግን ሲምሊንክና «..» ሊኖርበት ስለሚችል ሪልፓዝ ይከተለው። ሌላው የማክ ጣጣ ከ2016ቱ ሲየራ ጀምሮ ያለው ነው። ከኢንተርኔት ወርዶ ሳይንቀሳቀስ የተከፈተ አፕ በዘፈቀደ ከተሰየመ፣ ለንባብ ብቻ ከሆነ ቦታ እንዲነሳ ሊደረግ ይችላል። ከአፑ ጥቅል *ውጭ* ጎረቤት ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም እዚህ ይጠፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የሚያስፈልገው ሁሉ ጥቅሉ ውስጥ ይግባ።

ሌሎቹ። ፍሪቢኤስዲ ላይ ሲስሲቲኤል አለ፤ በፕሮሰሱ መለያ ቁጥር ቦታ -1 ብትሰጡት ስለራሳችሁ ይመልሳል። ሶላሪስ ጌት ኤክሴክ ኔም አለው። ኦፕንቢኤስዲ ይህን መልስ አይሰጥም። እዚያ ያላችሁ አርግቪ ዜሮ ብቻ ነው።

ከርነሉም ቢሆን የማይመልሰው ጥያቄ አለ። ዩኒክስ ላይ አንድ ፋይል በሃርድ ሊንክ ብዙ ስም ሊኖረው ይችላል። ሁሉም እኩል ናቸው፣ «ዋናው» የሚባል የለም። ከርነሉ የሚነግራችሁ በየትኛው እንደተነሳችሁ ነው። በ2010 በጂሊብሲ (የሊኑክስ የሲ ላይብረሪ) ላይ የተገኘው የደህንነት ቀዳዳ ሲቪኢ-2010-3847 የተሠራው በዚህ ነው፦ አጥቂው ከፍ ያለ ፈቃድ ላለው ፕሮግራም ራሱ በሚቆጣጠረው ፎልደር ውስጥ ሃርድ ሊንክ ይሠራል፣ ላይብረሪዎችን የሚጭነው ሎደር «ጎረቤቴ» ብሎ የአጥቂውን ላይብረሪ ይጭናል። ስለዚህ ቦታን ማወቅና ቦታን ማመን ለየብቻ ናቸው። ፈቃዱ ከተጠቃሚው የሚበልጥ ፕሮግራም ከጎረቤቱ ኮድ አይጫን።

## ኤቲ ኤክሴክኤፍኤን

ሊኑክስ ላይ ብቻ ያለ መለስተኛ አማራጭ ነው። በጌትኦክስቫል ይነበባል፤ ይህ ፈንክሽን ጂሊብሲ ውስጥ የገባው በ2.16 ነው። ፕሮክ ባይኖርም ይሠራል። አንጻራዊ ሊሆን ስለሚችል ፕሮግራሙ እንደተነሳ፣ ፎልደር ከመቀየሩ በፊት፣ በሪልፓዝ መፈታት አለበት። ለፕሮክ ተጠባባቂ አድርጌ ነው የማየው።

## ቋንቋችሁ የሚሰጣችሁ

በሲ የማትጽፉ ከሆነ ከላይ ያለውን ሁሉ ራሳችሁ መጻፍ የለባችሁም። ጎ ከ1.8 ጀምሮ ኦኤስ ኤክስኪዩተብል የሚባል ፈንክሽን አለው። ሊኑክስ ላይ ያን «ተሰርዟል» የሚለውን ቅጥያ ቆርጦ ይጥልላችኋል። «ጎ ረን» ብላችሁ ስታስነሱ ግን ፕሮግራሙ ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ስለሚገነባ መልሱ ያደናግራችኋል። ተገንብቶ የተቀመጠውን ሞክሩ። ረስት ከረንት ኤክስኢ አለው። ሲምሊንክ መፍታቱ እንደየሲስተሙ ይለያያል። ኦፕንቢኤስዲ ላይ ሁለቱም ወደ አርግቪ ዜሮ ይመለሳሉ።

ፓይተን ላይ የሚሳሳተው ብዙ ነው። ፓይተን ስክሪፕት ከርነሉን «ማን ነኝ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው የፓይተንን ኢንተርፕሪተር ነው፤ የተነሳው ፕሮግራም እሱ ነውና። ሲስ ኤክስኪዩተብልም እንዲሁ ኢንተርፕሪተሩን ነው የሚያሳየው። የስክሪፕቱ ቦታ የሚገኘው በሁለት የታችኛ ሰረዝ ከተከበበው ፋይል ከሚባለው ቫሪያብል ነው። ከ3.9 ጀምሮ ይህ ለዋናው ስክሪፕትም ሙሉ አድራሻ ሆኗል። ፓኬጅ ከሆነ የጻፋችሁት፣ አድራሻውን ትታችሁ ኢምፖርትሊብ ሪሶርስስን ተጠቀሙ፤ ፓኬጁ ዚፕ ውስጥ ቢሆንም ያነብባል። በፓይኢንስቶለር በአንድ ፋይል የታሸገ ፕሮግራም ደግሞ ሁለት ቦታ አለው፦ ተጠቃሚው ያስነሳው ፋይል ያለበትና ይዘቱ የተዘረገፈበት ጊዜያዊ ፎልደር። አብሮ የታሸገ ፋይል የሚገኘው በሁለተኛው ነው። ተጠቃሚው ከጎን ያስቀመጠው ኮንፊግ ግን በመጀመሪያው ነው፤ ለእሱ ሲስ ኤክስኪዩተብል ትክክል የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ጃቫ ላይ ከክላሱ ኮድ ሶርስ የሚገኘው ዩአርኤል ነው። ክፍት ቦታውም የግዕዝ ፊደሉም በፐርሰንት ምልክት ተቀይሮ ይመጣል። ቱ ዩአርአይ ብላችሁ ወደ ፓዝ ቀይሩት፣ ጽሑፉን ቆርጣችሁ አትቀጥሉ። ኮድ ሶርሱ ባዶ ሊሆን እንደሚችልም አስቡ። ዳት ኔት ላይ አሴምብሊ ሎኬሽን በአንድ ፋይል ሲታሸግ ባዶ ጽሑፍ ይመልሳል። ለፎልደሩ አፕኮንቴክስት ቤዝ ዳይሬክተሪ፣ ለፋይሉ ደግሞ ከዳት ኔት 6 ጀምሮ ያለው ኢንቫይሮመንት ፕሮሰስ ፓዝ ይሻላሉ። ኖድ ላይ ዲርኔም በቂ ነው፤ በአዲሱ የሞጁል አሠራር ከ20.11 ጀምሮ ኢምፖርት ሜታ ዲርኔም አለ። ባሽ ላይ ከዶላር ዜሮ ይልቅ ባሽ ሶርስን ተጠቀሙ፤ ስክሪፕቱ በሶርስ ሲጠራ ዶላር ዜሮ የሼሉን ስም ይሰጣችኋል።

## ላይብረሪ ከሆናችሁ

ፕለጊን ወይም ሼርድ ላይብረሪ የሚጽፍ ሰው ከላይ ያሉትን ቢጠቀም የሚያገኘው የአስተናጋጁን ፕሮግራም ቦታ ነው። ለእናንተ የሚሆነው ዲኤል አድር ነው። ላይብረሪያችሁ ውስጥ ያለ የአንድ ፈንክሽን የሜሞሪ አድራሻ ትሰጡታላችሁ፣ ከየትኛው ፋይል እንደተጫነ ይነግራችኋል። ዊንዶውስ ላይ ጌት ሞጁል ሃንድል ኢኤክስ በአድራሻው ሞጁሉን ያገኝላችኋል፤ ያን ለጌት ሞጁል ፋይል ኔም ትሰጡታላችሁ።

ፍላጎታችሁ ጎረቤት ላይብረሪ መጫን ብቻ ከሆነ ደግሞ ኮድ አያስፈልግም። ሊኑክስ ላይ በራንፓዝ ውስጥ «ዶላር ኦሪጂን»፣ ማክ ላይ «አት ሎደር ፓዝ» ብላችሁ ሊንክ ስታደርጉ ሎደሩ ራሱ ይፈልገዋል።

## ጭራሽ አለመጠየቅ

ጎረቤት ፋይሉ ትንሽ ከሆነና ካልተቀየረ፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ክተቱት። ጎ ከ1.16 ጀምሮ ኢምቤድ አለው፣ ረስት ኢንክሉድ ባይትስ አለው፣ ሲ ራሱ በሲ23 ኢምቤድን አስገብቷል። ፋይሉ አይጠፋም፣ አድራሻ አይፈለግም። ለጥቂት ቴምፕሌትና አይከን ሌላ መንገድ መፈለግ ድካም ይመስለኛል። ፋይሉ ትልቅ ከሆነ ወይም ተጠቃሚው እንዲያስተካክለው ከፈለጋችሁ ግን አይሆንም።

ሁለተኛው መንገድ ሲገነባ የተወሰነ ቋሚ አድራሻ ነው። በሊኑክስ ዲስትሪቢዩሽኖች ፓኬጅ ሆነው የሚመጡ ብዙ ፕሮግራሞች እንዲህ ናቸው። ቀላልና አስተማማኝ ነው፣ ግን ፕሮግራሙ ወደ ሌላ ፎልደር ከተወሰደ ይሰበራል። ከዚህ ጋር አድራሻውን የሚሽር የኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ብትጨምሩ ለሙከራም ለጭንቅ ቀንም ይሆናል።

## ሰንጠረዡ

| መንገድ | መልሱ የማን ነው | ፎልደር ሲቀየር | ሲምሊንክ | ፋይሉ ሲተካ | ድካሙ |
|---|---|---|---|---|---|
| የሥራ ፎልደር | የጠሪው | ይለወጣል | አይመለከተውም | አይነካውም | የለም |
| አርግቪ ዜሮ | የጠሪው | ሊበላሽ ይችላል | አይፈታም | አይነካውም | ብዙ፣ በትክክል ከተሠራ |
| ኤቲ ኤክሴክኤፍኤን | የጠሪው አድራሻ፣ በከርነሉ በኩል | ሊበላሽ ይችላል | አይፈታም | አይነካውም | ትንሽ |
| ፕሮክ፣ ሊኑክስ | የከርነሉ | አይነካውም | ይፈታል | ቅጥያ ይለጠፍበታል | ትንሽ |
| ጌት ሞጁል ፋይል ኔም፣ ዊንዶውስ | የሲስተሙ | አይነካውም | እንደሚፈታ አትተማመኑ | የመጀመሪያውን ይዞ ይቀራል | መካከለኛ |
| ኤንኤስ ጌት ኤክስኪዩተብል ፓዝ፣ ማክ | የሲስተሙ | ወዲያው በሪልፓዝ ፍቱት | በሪልፓዝ | የመጀመሪያውን ይዞ ይቀራል | ትንሽ |
| የቋንቋው ፈንክሽን | እንደየሲስተሙ | በአብዛኛው አይነካውም | ይለያያል | ይለያያል | በጣም ትንሽ |
| ውስጡ መክተት | አያስፈልግም | አይነካውም | አይመለከተውም | አይነካውም | ትንሽ |
| ቋሚ አድራሻ | የገንቢው | አይነካውም | አይመለከተውም | አይነካውም | የለም |

## ለማን የቱ?

ጊዜ የሌላችሁ፣ ፋይሎቹም ትንንሽ ከሆኑ፣ ውስጡ ክተቱና ወደ ሥራችሁ ሂዱ።

በጎ፣ በረስት፣ በዳት ኔት የምትጽፉ የቋንቋውን ፈንክሽን ውሰዱ፣ ቀጥሎ ሲምሊንኩን ራሳችሁ ፍቱ። ፓይተንና ኖድ ላይ የስክሪፕቱን ቦታ እንጂ የኢንተርፕሪተሩን አትጠይቁ።

በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ ለብዙ ሲስተም የምትጽፉ፣ ለየሲስተሙ አንድ አንድ ቅርንጫፍ ያለው አንድ ፈንክሽን ይኑራችሁ። ኪዩቲ ወይም ኤስዲኤል የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ተጽፎ ተቀምጧል፦ በኪዩቲ አፕሊኬሽን ዲር ፓዝ፣ በኤስዲኤል ጌት ቤዝ ፓዝ። ለዚህ ብቻ ብላችሁ ግን ትልቅ ላይብረሪ አታስገቡ።

በዩኤስቢ ይዘውት የሚዞሩትን ዓይነት፣ ሳይጫን የሚሠራ ፕሮግራም ለምትሠሩ ከርነሉን መጠየቅ ግድ ነው። በፓኬጅ ለሚጫን ሰርቪስ ቋሚ አድራሻና አንድ የሚሽር ቫሪያብል ይበቃል። ከፍ ያለ ፈቃድ ላለው ፕሮግራም ቋሚ አድራሻ ብቻ፤ የሚሽረውን ቫሪያብልም አታንብቡ።

የትኛውንም ብትመርጡ ቦታውን ዋናው ፈንክሽን መጀመሪያ ላይ አንዴ ጠይቁና ያዙት። መልሱ ካልተገኘ የሥራ ፎልደርን በዝምታ አትተኩ፤ ምን እንደጠፋ ግልጽ አድርጎ የሚናገር መልእክት አውጥቶ ይቁም። ከመልቀቃችሁ በፊት ደግሞ እነዚህን ሞክሩ፦ ከሌላ ፎልደር ሆናችሁ ጥሩት፤ በሲምሊንክ ጥሩት፤ ስሙ ክፍት ቦታና የአማርኛ ፊደል ያለበት ፎልደር ውስጥ አስቀምጣችሁ አስነሱት፤ በክሮን ወይም በሰርቪስ አስነሱት፤ እየሠራ እያለ ፋይሉን በአዲስ ተኩና ጎረቤት ፋይሉን እንደገና እንዲከፍት አድርጉት።